የቀዳዳ መምህር

የከተማዬን ስም አልጽፍም። ብጽፈው የከተማዬ ሰው «ይሄ እኛን አይመስልም» ብሎ ይከሰኛል፤ የሌላው ከተማ ሰው ደግሞ «እኔስ ድሮም ጠርጥሬያቸው ነበር» እያለ ይስቃል። ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ብላችሁ ያዙልኝ። የትኛው ወንዝ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ውሃ ያለበት ወንዝ ነው።

እኔ ዋሴ እባላለሁ። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕልና የንድፍ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጥሩ አስተማሪም ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ በማውቀው ነገር መሽኮርመም ስለማልወድ ነው።

ከተማችን የምትታወቀው በእንስራዋ ነው። እንስራችን አንገቱ ቀጭን፣ ጆሮው ሁለት፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደማንኛውም አገር እንስራ ነው። የሚለየው ሆዱ መሐል ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምንጭ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ብቻዋን አትሄድም። አንድ ወታፊ አመልካች ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ከኋላዋ ይከተላታል። ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትቆም ይቆማል፣ ጎረቤቷን አግኝታ ወሬ ስትጀምር እሱም ወሬውን ይሰማል። ቤት ደርሳ ውሃው ጋን ውስጥ እስኪገለበጥ ድረስ ጣቱን አያነሣም። ወታፊነት የተከበረ ሥራ ነው። ማኅበር አለው፣ መዝሙር አለው፣ በበዓል ቀን የሚጠለቅ ከጠቦት ቆዳ የተሰፋ የጣት ልብስ አለው። የሁሉም የበላይ ደግሞ የቀዳዳ ሹም ነው፤ እሱ ራሱ ጣቱን አስገብቶ ባያውቅም ስለ ጣት አስገባብ ሦስት መመሪያ አውጥቷል።

አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት ቀዳዳውን በሰም ደፍና ብቻዋን ውሃ ስትቀዳ ተያዘች። ቀዳዳን በመናቅ ተከሳ፣ ሰሙን በአደባባይ በጥርሷ እንድታወጣ ተፈረደባት። ሰዎቻችን ግን ጨካኞች አይደሉም፤ ሰሙ እንዲለሰልስላት እንስራውን ቀድመው ፀሐይ ላይ አውጥተውላት ነበር።

ሸክላ ሠሪዎቻችን ያለ ንድፍ ጭቃ አይነኩም። ንድፉን የሚስሉላቸው ከእኛ ትምህርት ቤት የሚመረቁ ልጆች ናቸው። በሌላ አገር የሥዕል ክፍለ ጊዜ ልጆች የሚያርፉበት ሰዓት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኛ ዘንድ ግን የአገር ምሰሶ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አንገት ይማራሉ። አሥረኛ ክፍል ጆሮ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ቀዳዳ ነው፣ ያንን የማስተምረውም እኔ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ «አብነት» የምንለው ትልቅ የእንስራ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ልጆቹ እሱን እያዩ ይገለብጣሉ። እንስራውን ራሱን ክፍል ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። ዕቃ ሊሳሳት ይችላል፣ አብነት አይሳሳትም። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ቀዳዳውን ከቦታው ከፍ ወይም ዝቅ ያደረጉ አሥራ አንድ ልጆች ጥያለሁ። ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። ያኔ ግን ራቴን በልቼ ደህና እተኛ ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት በረታና የክፍሉ ግድግዳ ረጠበ፤ ኖራ ይቀባ ተባለ። አብነቱን ማውረድ የአስተማሪው ሥራ ነውና ወንበር ላይ ወጣሁ። ወንበሩን የያዘችልኝ ፈንታነሽ ነበረች። ፈንታነሽ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ ጋሽ ዘገዬ ሠላሳ ዓመት በወታፊነት ያገለገሉ፣ በከተማው አንዲት ጠብታ አፍስሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ልጅቷ እጇ የተባረከ ነው። ምላሷ ግን ከእጇ ይቀድማል።

አብነቱ የተሰቀለው በአንድ ትልቅ ሚስማር፣ ልክ በቀዳዳው መሐል ተመትቶ ነው። ይህን አሥራ ስድስት ዓመት በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ ወረቀቱ ሌላ ቦታ እንዳይበሳ የተደረገ ብልሃት ይመስለኝ ነበር። ሚስማሩን ነቅዬ ስስብ አንድ ወረቀት ሳይሆን አራት ወረቀት ወረደ፤ ከሁሉም ሥር አንድ አሮጌ ብራና። ለካ አስተማሪ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ያረጀውን ይገለብጥና በላዩ ላይ ይሰቅል ኖሯል። ወለሉ ላይ በተራ ዘረጋናቸው። እኔ የማስተምርበት የላይኛው ላይ ቀዳዳው ጠርዙ የጠቆረ፣ ጥልቀቱ የሚታይ፣ የተዋጣለት ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ላይ ጥቁር ክብ ነው። ሦስተኛው ላይ ከክቡ አነስ ይላል። አራተኛው ላይ ነቁጥ ናት። ብራናው ላይ ያለው እንስራ ግን ሙሉ ነው። ሆዱ ላይ ምንም ቀለም አላረፈበትም፤ ያለው ሚስማሩ የበሳው ቦታና ዙሪያውን የያዘው ዝገት ብቻ ነው።

«መምህር» አለች ፈንታነሽ፣ «ይሄ ሚስማር ነው።»

«ሚስማር መሆኑን አያለሁ።»

«ቀዳዳው ማለቴ ነው። ቀዳዳው ሚስማር ነው።»

«ፈንታነሽ፣ ወንበሩን በደንብ ያዢ።»

«ወርደዋል እኮ፣ መምህር።»

እውነትም ወርጄ ነበር፤ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። የመጀመሪያው አስተማሪ ብራናውን ለመስቀል መሐሉን መርጦ ሚስማር መታበት። ከእሱ በኋላ የመጣው ታማኝ ሰው የሚስማሩን ምልክት ሳይቀር ገለበጠ። የቀረነው ደግሞ ከእሱ የበለጠ ታማኞች ነበርን። ከተማ ሙሉ ሰው ጣቱን ሚስማር በነበረበት ቦታ ከትቶ ሲሄድ ታየኝና ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እነዚያ አሥራ አንድ ልጆች ታወሱኝና ሳቄ ጠፋ።

ወረቀቶቹን ጠቅልዬ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ አቶ ሽታዬ ሄድኩ። አቶ ሽታዬ መነጽራቸውን አድርገው አምስቱንም አንድ በአንድ አዩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው» አሉኝ። ደስ አለኝ። «አንተም ሥሩን አየህ፤ እንኳን ደስ ያለህ። አሁን መልሰህ አልብሰው።»

«ጌታዬ፣ ልጆቹን የማስተምረው እኮ…»

«ዝም አይነቅዝም፣ መምህር ዋሴ» አሉና ብራናውን ከተቀመጡበት ትራስ ሥር አስገብተው ተቀመጡበት።

ኖራው ተቀባ፣ የላይኛው አብነት ብቻ ተመልሶ ተሰቀለ። እኔም ዝም አልኩ። ፈንታነሽ ግን ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«በፈተናው ቀዳዳውን አልስለውም» አለችኝ።

«ትወድቂያለሽ።»

«ማነው የሚጥለኝ?»

 የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሥዕል የማርመው እኔ ነኝ። ያለፈ ልጅ ወደ ላይኛው ሸክላ ቤት ይገባል፤ እዚያ ንድፍም ያወጣል፣ ጭቃም ያቦካል። የወደቀ ልጅ በከተማችን ዕድሜ ልኩን እርሳስም ጭቃም አይነካም። ከአብነቱ ውጪ የተሣለን ሥዕል ያሳለፈ አስተማሪ ደግሞ ክፍሉን ይነጠቃል። ይህን ሁሉ እሷም ታውቃለች።

«እኔ ነኝ የምጥልሽ» አልኳት።

«እንግዲያው ያስቡበት» ብላኝ ሄደች። ልጅ ናት ብዬ ልቆጣ ፈለግሁ፤ ንዴቱ እምቢ አለኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ዘገዬ ቤቴ መጡ። ቀኝ አመልካች ጣታቸው ከሠላሳ ዓመት ውሃ ብዛት ነጥቶና ተሸብሽቦ የሌላ ሰው ጣት ይመስላል። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«መምህር፣ ልጄን ይምከሩልኝ። ቀዳዳውን ትሳል።»

«የሚስማሩን ነገር ነግራዎታለች?»

«ነግራኛለች። እንኳን የሚስማር፣ የጥይትም ቢሆን እኔ ኖሬበታለሁ። እናቷን ያገባሁት፣ እሷን ያሳደግሁት በዚሁ ጣት ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ቆሞ ያሳልፈኛል። ነገ ቀዳዳው የለም ከተባለ…» ጣታቸውን አንሥተው አዩት። «ይሄን ምን ላደርገው ነው?»

«ጋሽ ዘገዬ፣ እርስዎ ውሃው እንዳይፈስ ነው የኖሩት። ውሃው ካልፈሰሰ ምን ቀረብዎት?»

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ በቃል ያሸንፉኛል» አሉ። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልጄ ያንን ሥዕል ከሣለች የእኔን ዕድሜ በላጲስ እንዳጠፋችው እቆጥረዋለሁ፤ ይሄን ይንገሩልኝ።»

ነገርኳት። አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ፣ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ አይቼዋለሁ እኮ» አለች። አንድ አስተማሪ በሥራ ዘመኑ ተማሪው «አይቼዋለሁ» እንድትለው ነው የሚደክመው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ደክሜ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፣ የሰማሁትም ባላስተማርኩት ነገር ነው።

የፈተናው ቀን የቀዳዳ ሹሙ ከጸሐፊውና ከዘበኛው ጋር መጣ። እጁ ላይ የቀዳዳን ስፋት የሚለካበት የናስ ዘንግ አለ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሄደ ዘንጉን በየሥዕሉ ላይ እያሳረፈ፣ «ደህና ቀዳዳ፣ ደህና ቀዳዳ» ይላል። ፈንታነሽ ጋ ሲደርስ ዘንጉ አየር ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ቀዳዳው የታለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«ቅድም ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ያልነበረ ነገር እንዴት ይጠፋል?» ብሎ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጥያቄው ጥልቅ ስለነበር ጸሐፊው መዘገበው። ከተመካከሩ በኋላ ቀዳዳው የተሰወረ መሆኑ ታመነበትና ልጅቷ እንድትፈተሽ ታዘዘ። ዘበኛው ቦርሳዋን ገለበጠ። ሁለት እርሳስ፣ አንድ ላጲስና የተቋጠረ ቆሎ ተገኘ፤ ቀዳዳ አልተገኘም። ይኸው በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ከዚያ ሹሙ ወደ እኔ መጣ። በከተማችን ውጤት በወረቀት አይጻፍም። እርጥብ ሸክላ ላይ በቀንድ መጻፊያ ይጻፍና መጻፊያው እንደተነሣ እሳት ጠባቂው ወስዶ ይተኩሰዋል። የተተኮሰ ውጤት ማንም አይሰርዘውም፣ ማንም አይሰብረውም። ሕጉን ያወጣው የዛሬው ሹም አያት ነው፤ ወላጆች ውጤት ይቀየርልን እያሉ በየቀኑ ቢያስቸግሩት ነው።

«ዜሮ ይጻፉ፣ መምህር ዋሴ» አለኝ ሹሙ።

ሥዕሉን አየሁት። እውነቱን ልናገርና፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ቸኩላለች፤ አንደኛው ጆሮም ከሌላው ይወፍራል። ሆዱ ግን… ቀዳዳ እናሳርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ብርሃን አርፎበታል። ከግራ የመጣ ብርሃን፣ ወደ ቀኝ እየደበዘዘ የሚሄድ። እዚያ ቦታ ላይ ብርሃን ሊያርፍ እንደሚችል አንድም ተማሪ፣ እኔንም ጨምሮ አንድም አስተማሪ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ሁላችንም በቀዳዳው ተይዘን። ፈንታነሽ አላየችኝም። ጠረጴዛዋን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፤ ክፍሌን እወዳት ነበር። መጻፊያውን አንሥቼ ጻፍኩ።

ሹሙ ከሩቅ አንገቱን አስግጎ፣ «ስንት ዜሮ ነው የጻፉት?» አለኝ።

«ሁለት።»

«አንድ ይበቃት ነበር።»

«ከፊታቸው አንድ አለ፣ ጌታዬ» አልኩት።

ነገሩ እስኪገባው እሳት ጠባቂው ሸክላውን ይዞ ወጥቷል። ሹሙ «አቁሙ!» እያለ ሮጠ፣ ጸሐፊው ተከተለው፣ ዘበኛው የፈንታነሽን ቆሎ እንደያዘ ተከተላቸው። ሲደርሱ ውጤቱ እሳት ውስጥ ነበር። ሹሙ ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ ይህን አልነሣውም። እሳቱን ትንሽ አየና ተመለሰ።

ፈንታነሽ በመቶ ከመቶ ወደ ላይኛው ሸክላ ቤት አለፈች። አቶ ሽታዬ በክፍሌ ሌላ አስተማሪ ተኩ፤ ሲሰናበቱኝም «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» አሉኝ፤ ከተቀመጡበት ግን ብድግ አላሉም፤ ትራሳቸው ብራና አለበት። በእኔ ላይ የተፈረደው ደግሞ ወታፊ እንድሆን ነው። «ቀዳዳን ያልቀመሰ ጣት ስለ ቀዳዳ አይፍረድ» ተባለ።

እንዲያሠለጥኑኝ የተመደቡት ጋሽ ዘገዬ ናቸው። ልጃቸው ወደ ሸክላ ቤት ስትሄድ ሳይመርቋት ነው የሄደችው። እግራቸው ላይ ብትወድቅ ጣታቸውን ካባቸው ውስጥ ደብቀው ወደ ግድግዳ ዞረውባታል። እኔንም በመጀመሪያው ወር «ጣት አቅና» ከሚለው ቃል በቀር አላናገሩኝም። መጥፎ ወታፊ ወጣኝ። መንገድ ላይ የዛፍ ጥላ ሲያምረኝ ቆሜ አያለሁ፣ የተሸከመችው ሴትዮ ትሄዳለች፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ስድቡ ይወርድብኛል። ያም ሆኖ አልቆጨኝም። ማታ ማታ ክፍሌ ትናፍቀኛለች፤ ሸክላው ላይ የጻፍኩት ግን አንድም ቀን ከንክኖኝ አያውቅም። በሁለተኛው ዓመት ከጋሽ ዘገዬ ጋር ምንጩ ዳር ተራ ስንጠብቅ ስለ ጥላ፣ ስለ ብርሃን አወራላቸው ጀመር። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይሉኛል። ግን ወደማሳያቸው ነገር ዓይናቸውን ይጥሉ ነበር፣ አይቻለሁ።

አንድ ማለዳ እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ሴት አዲስ እንስራ ይዘው መጡ። ሞሉና እንደ ልማዳቸው «ወታፊ!» ብለው ተጣሩ። ተራው የጋሽ ዘገዬ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ፤ ጣቴ የሌላ ሴት እንስራ ውስጥ ነው።

ጋሽ ዘገዬ ሳያዩ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዳደረጉት፣ ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ቀዳዳ አላገኘም። ትንሽ ዝቅ አደረጉት፣ የለም። ከፍ አደረጉት፣ የለም። ግራና ቀኝ ሆዱን ዞሩት። ወታፊዎቹ ሁሉ ያያሉ።

«ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«ከየት አመጡት ይሄን?»

«ከላይኛው ሸክላ ቤት ነዋ። እዚያ ያለች አንዲት ልጅ ናት የሰጠችኝ። ምነው፣ ቀዳዳውን ረስታው ነው? ልመልሰው እንዴ?»

ጋሽ ዘገዬ ያንን የነጣ ጣት አጠፉት፤ ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው እንስራው ሆድ ላይ አሳረፉት፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ውጪው በውሃ እርጥበት ቀዝቅዟል፤ አንዲት ጠብታ ግን የምትወርድበት ቦታ የለም። ብዙ ቆዩ። እኔ ሄጄ ትከሻቸውን ልይዛቸው እፈልጋለሁ፤ ጣቴን ካወጣሁ ደግሞ የሰው ውሃ ይፈስሳል። ቆሜ ቀረሁ፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ እንኳ ነፃ አልነበረም፤ በግራዬ የሴትዮዋን ቅል ይዤላት ነበር።

«አይመልሱት» አሉ ጋሽ ዘገዬ በመጨረሻ። «የልጄ እጅ ነው።»

እንስራውን በሁለት እጃቸው አንሥተው እትዬ ይርገዱን አሸከሟቸው፣ ገመዱንም ደረታቸው ላይ አስተካከሉላቸው። «ብቻዎን ይሂዱ» አሏቸው። እትዬ ይርገዱ ጥቂት እንደተራመዱ ዘወር ብለው ኋላቸውን አዩ፤ ማንም አልተከተላቸውም። እንደገና ተራመዱ፤ ከዚያ ፈጠን አሉ።

እትዬ ይርገዱ መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስ ጋሽ ዘገዬ በዓይናቸው ሸኟቸውና ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ ያኔ ስንት ነበር የሰጧት?»

«መቶ።»

ቀኝ እጃቸውን በካባቸው ላይ በቀስታ አደረቁት።

«አንሷታል» አሉኝ።